ሃያ ሰባት አልጋ

በሚያዝያ ቁልፍ ሰጡኝ፤ ደረቴ ላይ ስም ለጠፉ፣
«የፎቅ ኃላፊ፣ ቺዙሩ»፤ ሰማያዊ ነው ጫፉ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ገላ ያጠበ እጄን
እርሳስ አስጨበጡና ተቀበሉኝ ሳፋዬን።

ሰንዳይ ወስደው አሠለጠኑን፣ ሦስት ቀን ከነምሳው፤
ስለ መሪ፣ ስለ ግብ፣ ስለ ዛፉና ስለ ጫካው።
አሠልጣኙ ሣጥን ስሎ በቀስት ሲያያይዝ
እኔ የማስበው ኩዶን ነው፣ ጉልበቱ በብርድ ሲያዝ።
ወፍራም ጥራዝ ይዤ ገባሁ፤ ከመደርደሪያው አናት
ከትርፍ አንሶላ በላይ ሰቀልኩት፤ ዛሬም አለ ካኖርኩበት።

ስገባ የእረፍት ክፍሉ ዝም ይል ጀመር በድንገት፤
ትናንት አብረውኝ የሚስቁ ሩዛቸው ላይ አቀረቀሩበት።
ሰው ማናገር ፈራሁ፤ ተራ ማውጣት ብቻ ወደድኩ፤
ሰንጠረዥ አይከፋው፣ አያኮርፍ፤ ከማስመሪያ ሥር ተጠለልኩ።

ኩዶ የኦጋ ዓሣ አጥማጅ፣ መረቡን ዛሬም ያልረሳ፣
ሌሊት በስምንት ሰዓት ለጀልባው የሚነሣ፤
የሦስት ልጆቹ ስም ጠፍቶት የነፋሳቱን የሚጠራ፣
ቦቲው የት እንደገባ የሚጠይቀን በየተራ።

ጥር ላይ፣ በረዶው የመስኮቱን ወገብ ሲያልፍ፣
ወደቀ። ጣቷ ላይ ቀለም፣ ዊዲያ ቅጹን ስትጽፍ
አገኘኋት ጠዋት። ከሰማራንግ ነው የመጣችው፤
ሃያ ሦስት ዓመቷ፤ ከንፈሯን ነክሳ ነው ፊደላቱን የምትሥላቸው።
«ምክንያት» በሚለው ሣጥን፣ በተማረችው ቋንቋ፣
«እኔ። ቶሎ አልደረስኩም» ብላ ጽፋለች ተጠንቅቃ።
ከኮሪደሩ ሌላ ጫፍ ወይዘሮ ካማዳን ስታገላብጥ ነበር፤
ይህን አልጻፈችም። ማን ጠይቋት፣ ለማን ይነገር?

ሥራ አስኪያጁ ኦይካዋ ደወለ፦ «ፈርሚና ላኪው፤
ሠራተኛዋ አምናለች፤ ነገሩን አታወሳስቢው።»
ብዕር አነሣሁ። ከቅጹ ባሻገር፣ ከግድግዳው፣
በማስመሪያ ያሰመርኩት የሌሊት ተራው፦
ሃያ ሰባት አልጋ። አንድ ሰው።
የኔ እርሳስ። ቀጥ ያለው፣ ንጹሑ፣ የማያወላውለው።

ያኔ ሂራኖ ትዝ አለችኝ፣ የመጀመሪያዋ አለቃዬ፤
የአንዲት አሮጊት ሰው ሠራሽ ጥርስ
ከእጣቢ ጋር ደፍቼ፣ ስርበተበት ብቻዬ፣
እጅጌዋን ሰብስባ ከጎኔ በርከክ አለች፤
ቱቦውን ፈታን። እስከ ክርኗ ገባች።
ጥርሱ ተገኘ። «እንቀቅለው» አለች። ሌላ ምንም አላለች።
በዚያ ወፍራም ጥራዝ ውስጥ ፈለግኋት፤
ምዕራፍ አልደረሳትም፣ ቀርታለች።

«የት ነበርሽ ያኔ?» አልኳት ዊዲያን።
መልሱን በእጇ አስጻፍኳት።
ከሥሯ እኔም ቀጠልኩ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ መስመሩ፦
«ለሃያ ሰባት አንድ ሰው። ተራውን ያወጣሁ፣ ቺዙሩ።»
ኦይካዋ በስልክ ዝም አለ፤ ሰማሁት አየር ሲስብ።
«በጀት የለም» አለ በመጨረሻ፤ «እስከ መጋቢት እናስብ።»
ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሌሊት እኔው እገባለሁ።
ይኼ መፍትሔ አይደለም፤ አውቃለሁ።

ትናንት ኩዶ ለጀልባው ተነሣ፣ ስምንት ሰዓት ሲደርስ፤
ዊዲያ በግራ፣ እኔ በቀኝ፣ አቀናነው በለሆሳስ።
መስኮቱን አየ። በረዶው ለእሱ ባሕር ነው መሰለኝ።
«አለቃው ማነው?» አለ። ዊዲያ ዞር ብላ አየችኝ።
ዝም አልኩ። ከላይ እስከ ታች ቃኘኝና፣ አጥብቆ ይዞ እጄን፣
«ዓሣው ይቆይ» አለ፤ «መጀመሪያ ቁጠሪ ሰዎችሽን።»

ሁለት፣ አልኩት።
እሱን ራሱን ጨምሬ፣ ሦስት።
«ያንሳል» አለና
ቦቲውን መፈለግ ጀመረ።